«ይሄ እኛን አይወክልም»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ቡና የትውልድ አገር ዶክመንተሪ ሊሠሩ ቦንጋ ለመጡ ፈረንጆች አምስት ቀን አስተርጓሚ ሆኜ ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ ሰው ዋሸሁ።

ውሸቷ ትንሽ ናት። ሰውየው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጫካው ጥግ ይኖራል። ጎጆው ደጃፍ ላይ አንዲት የሶላር መብራት አንጠልጥሏል። ዳይሬክተሩ በካሜራው ውስጥ አያትና ፊቱን አኮሳተረ፤ እንዳስነሣለት ጠየቀኝ። ለሰውየው በካፊኖኖ ነገርኩት። «ለምን?» አለ። መልሱን አውቀዋለሁ። ፈረንጆቹ የመጡት ዘመን ያልነካው ጎጆ ፍለጋ ነው፤ መብራቷ ደግሞ ጎጆውን የዛሬ ታደርግባቸዋለች። «ብርሃኗ ካሜራውን ያስቸግረዋል» አልኩት። ጊዜው ቀትር ነው፤ መብራቷም አልበራችም። ሰውየው አንዴ መብራቷን፣ አንዴ እኔን አየና ምንም ሳይል አውርዶ ይዟት ገባ።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ተናግሬያለሁ፤ ያኔ ግን ጥፋት አልመሰለኝም። ሰውየው ማንጃ ነው። (ማንጃ ማን እንደሆነ ለማያውቅ ኋላ እመጣበታለሁ።) ወደ መኪናው ስንመለስ ለሹፌሩ በአማርኛ «ስንት ያማረ ግቢ፣ ስንት ማር ቆራጭ ገበሬ እያለ እነዚህ ሰዎች ማንጃ ቤት ምን ያደርጋሉ? ይሄ እኛን አይወክልም» አልኩት። ሹፌሩ የካፋ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም «እውነትህን ነው» አለኝ።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር እናንተም ታውቋታላችሁ። ስለ እኛ የተሠራ ፊልም ውጭ አገር በተሸለመ ቁጥር ብቅ ትላለች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ያልኳት ግን ከህንዳዊ አፍ ሰምቼ ነው።

ልጅ ሆኜ ህንድን የማውቃት ከቪዲዮ ቤት ነበር። ጨለማ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ በጆንያ የተጋረደ መስኮት። ሂንዲ የሚሰማ አንድም ሰው የለም፤ ማንንም አልቸገረውም። ጥፊውም እንባውም ይገባናል። ህንድ ማለት ዝናብ ሲመጣ ሰው የማይጠለልባት፣ የሚዘፍንባት አገር ናት። በልጅነታቸው የተለያዩ ወንድማማቾች መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ፣ ክፉው ሰውዬ ከፎቅ ይወድቃል፣ እናት ታለቅሳለች፣ እኛም እናለቅሳለን። ቦንጋን ላይ ታች የሚያመላልሰው ባጃጅ ከህንድ እንደሚመጣ ያወቅኩ ቀን ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ እንዲህ ያለ ተራ ነገር ከዚያ አገር አልጠበቅኩም።

ከዚያ «ስላምዶግ ሚሊየነር» መጣ። እንግሊዛዊው ዳኒ ቦይል ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ በዓመቱ 8 ኦስካር ያፈሰ ፊልም ነው። መጀመሪያው አካባቢ አንድ ሕፃን የአሚታብ ባችቻንን ፊርማ ለማግኘት ሲል ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ይዘላል፤ ከነእዳሪው ሕዝቡን እየሰነጠቀ ይሮጣል፤ ፊርማውን ያገኛል። አጠገቤ የነበሩት ሳቁ። እኔ የእኔዋን ህንድ ማን እንደወሰዳት ግራ ገብቶኝ ተቀመጥኩ።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ህንዳዊ መምህር አገኘሁ። እዚህ አገር የተማረ ሰው መቼም አንድ ህንዳዊ መምህር አያጣም። የእኔው ከኛ ብዙም የማይበልጥ ወጣት፣ ቡና የሚወድ፣ ተማሪ የማያመናጭቅ ሰው ነበር። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ስለ ፊልሙ ጠየቅኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ያ ፊልም ህንድን አይወክልም አለኝ። ስለ ሐኪሞቻቸው፣ ስለ ኮምፒውተር ባለሙያዎቻቸው፣ ጨረቃ ድረስ ስለላኩት መንኮራኩር አወራልኝ። «እነዚያ ልጆች ግን የሉም?» አልኩት። «አሉ» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ግን እነሱ …» ብሎ ሳይጨርሰው ስኒውን አነሣ።

ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ ወደ ኢትዮጵያ ሊመጣ ሲል እናቱ ያደረጉትን ነገረኝ። ሻንጣውን ከፍተው፣ ልብሱን እያወጡ፣ ምስርና ሩዝ ጨመሩበት። ልጃቸው የሚበላ ወደሌለበት አገር እየሄደ ነዋ! በተራዬ የእኔ ፊት ተለዋወጠ። ያ ድሮ ነው፣ ያ አንድ አካባቢ ነው አልኩት። ስለ ዓድዋ ነገርኩት፣ ስለ አየር መንገዳችን ነገርኩት። መምህሬ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ሁለታችንም ያንኑ አንድ ንግግር ስናደርግ እንደዋልን የገባኝ ማታ ዶርም ገብቼ ነው።

ህንዶች በዚህ ጉዳይ ሲጣሉ ቆይተዋል። ሳትያጂት ራይ እ.ኤ.አ. በ1955 «ፓተር ፓንቻሊ»ን ሠርቶ ዓለም አጨበጨበለት። የቤንጋል ገጠር፣ የሚፈርስ ግቢ፣ ባቡር ለማየት በረጅሙ ሣር መሐል የሚሮጡ እህትና ወንድም። ከ25 ዓመት በኋላ ዝነኛዋ ተዋናይት ናርጊስ የፓርላማ አባል ሆና ራይን የህንድን ድህነት ለውጭ ገበያ ያቀርባል ብላ ከሰሰችው። የሚገርመው ናርጊስን ናርጊስ ያደረጋት «ማዘር ኢንዲያ» መሆኑ ነው፤ ጭቃ ለብሳ፣ ሞፈር ትከሻዋ ላይ ተሸክማ የምትታይበት ፊልም። (እሱም ለኦስካር ታጭቶ ነበር፤ ያንን ግን ንግድ አላለችውም።) በሁለቱ ፊልሞች ድህነቱ አንድ ነው። አንዱን ህንዶች እያለቀሱ፣ እየዘፈኑ አብረውት አዩት። ሌላውን ግን ፈረንጅ ሲያየው ከኋላ ቆመው አዩት። ሰው ድህነቱን ችሎ ያየዋል፤ ድህነቱ ሲታይበት ነው የማይችለው። ጎረቤት ድንገት ሲገባ የምንሸፍነው ማድቤት ሁላችንም ቤት አለ።

እስከዚህ ድረስ እፍረቱን እረዳዋለሁ፤ እኔም ላይ አለ። የማልረዳው፣ ወይም አሁን የሚያስፈራኝ፣ ከእፍረቱ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው።

የመምህሬን እናት ሻንጣ ያስከፈታቸው ምስል የተወለደበት ቀን ይታወቃል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ኮረም። ቀራጩ ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ ተራኪው የቢቢሲው ማይክል በርክ። በርክ ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጋር አመሳሰለው፤ ምስሉ በመቶ በሚቆጠሩ ጣቢያዎች ታየ፤ እርዳታ ጎረፈ፤ ብዙ ነፍስ ተረፈ። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ውጭ አገር ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ የሰማውን ቀልድ ጠይቁት። ምሳ ሰዓት ላይ ምን እንደሚሉት ይነግራችኋል።

አሁን ደግሞ መልሳችንን እንየው። ያ አንድ አካባቢ ነው፤ ሁላችንም አልተራብንም፤ አገራችን ለምለም ናት፤ ካፋን መጥታችሁ እዩ። (ይህን የመጨረሻውን እኔ ራሴ ብዬዋለሁ። ጫካችንን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 መዝግቦታል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?) እያንዳንዱ መልስ እውነት ነው። እያንዳንዱ መልስ ደግሞ ኮረም ሜዳ ላይ የተኛውን ሰው ከ«እኛ» መሐል አንሥቶ ውጭ ያስቀምጠዋል። የእኛ ክብር እንዲተርፍ እሱ ለብቻው መራብ አለበት።

ይህ የቃላት ጨዋታ ከመሰላችሁ ወደ ወሎ እንመለስ። በ1965 እና በ1966 ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ሲረግፍ መንግሥት የአገር ስም ይጠፋል ብሎ ሸሸገው። የአገር ስም! የተራበው ገበሬ አገር አልነበረም ማለት ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቀርጾት በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየው፤ ዓለምም ያኔ አወቀ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ካሜራው ጀግና፣ ሸሻጊው ወንጀለኛ ሆነው ታሪኩ ይዘጋ ነበር። አላበቃም። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየ፤ ግን እንደነበረ አይደለም። በረሃብተኞቹ መሐል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ሥጋ የሚጎርሱ የንጉሡ ውሾች እየተሰኩ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ያው ምስል ለንደን ላይ ገንዘብ ሰበሰበ፣ አዲስ አበባ ላይ ዙፋን ገለበጠ። ውሾቹም ረሃቡም እውነት ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሰፋው መቀስ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ከአሥር ዓመት በኋላ ያ መቀስ የያዘው ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሲደግስ የራሱን ረሃብ እንግዶቹ እንዳያዩበት ጋረደው። እንደገና የአገር ስም።

እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ፣ ለሸሸገውም፣ ለቀረጸውም፣ ለቆረጠውም፣ የወሎው ገበሬ ምን ብሎ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አላጋጠመኝም። ፊቱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ካሜራው በራሳችን ሰው እጅ ሲገባስ? የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስም በርሊንም ላይ የተመልካች ሽልማት ወሰደ፤ አንጀሊና ጆሊ በኤግዚኪውቲቭ ፕሮዲውሰርነት ስሟን ሰጠችው። ታሪኩ የእውነት ነው፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቿ ተከራክረው አስለቀቋት። ጓደኞቼ መሐል የለመድናት ዓረፍተ ነገር መጣች። ጠለፋ እኛን አይወክልም፤ ገመናችንን ለፈረንጅ ምን አሳየው? እኔ ያን ጊዜ ፊልሙን ደግፌ ተከራክሬያለሁ፤ እንዲያውም ርዕሱ ራሱ ብልህ ነው ብያለሁ፤ ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው።

በነሐሴ 2006 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ አምባሳደሮች ሳይቀሩ ተሰብስበው ሳለ ፍርድ ቤት አገደው። ያሳገደችው ታሪኳ የተሠራባት ሴት ናት። ሕይወቷ ያለ ፈቃዷ ፊልም ሆኗል የሚል ነበር አቤቱታዋ። (እገዳው ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል።) እኔና ጓደኞቼ አገር ተወከለ አልተወከለም እያልን ስንጨቃጨቅ፣ እሷ ስለ አገር ገጽታ አልነበረም የምትከራከረው። ጠይቃችሁኛል ወይ ነው ነገሩ። ይህ ጥያቄ ለደጋፊውም ለነቃፊውም አልመጣለትም ነበር። እኔ ፊልሙን ስደግፍ እሷ በሕይወት ያለች፣ የሆነ ቦታ ቁጭ ብላ ይህንን የምትሰማ ሰው መሆኗን አንድ ጊዜም አላሰብኩም።

ፊልሞቹን ሁሉ አንድ ላይ መውቀጥ ግን ልክ አይደለም። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» እዩት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ላይ በይፋዊው ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ድርቅም አለ፣ የሞተች እናትም አለች፣ ገጠርም አለ፤ ፈረንጅ ይወደዋል የተባለው ሁሉ አለ። ግን ልጁ ኤፍሬም የሚፈልገው ነገር አለው። አጎቱ ለመስቀል ሊያርዳት ያሰባትን በጉን ማዳን ይፈልጋል። ወጥ መሥራት ይችላል፤ የሴት ሥራ ነው ብለው ይቆጡታል፤ እሱ ግን ሳምቡሳ ጠብሶ ይሸጣል። አንድ ሰው የሚፈልገውን ካወቅክ ልታዝንለት ጊዜ አታገኝም፤ ይሳካለት ይሆን ብለህ ትከተለዋለህ። በቃ፣ እኔ የማውቀው መለኪያ ይቺ ናት፤ የተሻለ ያለው ይንገረኝ።

እንዲያውም ከዚህም የተሻለ መለኪያ ያለው ሰው አውቃለሁ፤ አባቴ ናቸው።

አባቴ የቡና ገበሬ ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት በለቀማ ሰሞን ቤት ሄጄ «ብላክ ጎልድ»ን በላፕቶፕ አሳየኋቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች የሠሩት ዶክመንተሪ ነው፤ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን ታደሰ መስቀላን ተከትሎ ከይርጋጨፌ እስከ አሜሪካና አውሮፓ ይሄዳል። ሳሳያቸው ተጨንቄ ነበር። ገበሬዎቹ ልብሳቸው የተቀዳደደ ነው። ሴቶች ተደርድረው ቡና ይለቅማሉ። ቡናውን ነቅሎ ጫት የሚተክል ገበሬ አለ። ሕፃን የሚመዘንበት የእርዳታ ማዕከል አለ። አባቴ «ለዓለም እንዲህ አድርገው ነው የሚያሳዩን?» እንዲሉኝ ስጠብቅ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቻለሁ።

አላሉም። ታደሰ መስቀላ አንድ ስኒ ቡና ውጭ አገር ስንት እንደሚሸጥ ለገበሬዎቹ ሲነግሯቸው፣ ገበሬዎቹ እንደደነገጡት አባቴም «ውሸት!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄያቸው ሁሉ የዋጋ ነበር። እሸቱን ስንት ሸጡት? ጀንፈሉንስ? ሰብሳቢው ስንት ወሰደ? ፊልሙ ከታየ በኋላ ጨመረላቸው ወይ? የማውቀውን ነገርኳቸው፤ በዚያው ሰሞን መንግሥት በንግድ ምልክት ጉዳይ ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 መስማማታቸውን፣ የተመዘገቡትም ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉ ስሞች መሆናቸውን።

«ካፋስ?» አሉኝ።

«የለም።»

ዝም አሉ። ከዚያ ጀንፈላቸውን ሊያገላብጡ ወጡ። ስለ ገበሬዎቹ ልብስ አንድም ቃል አልተናገሩም። የተቀደደውን ልብስ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያየሁትም በፈረንጅ ዓይን ነው። አባቴ ያዩት የሥራ ባልደረባ ነበር።

አሁን ወደ አምስቱ ቀኖች ልመለስ። ከፈረንጆቹ ጋር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያጠፋነው የካልዲን ፍየሎች ስንፈልግ ነው። ተረቱን ታውቁታላችሁ፤ እረኛው፣ ቀዩ ፍሬ፣ የሚጨፍሩት ፍየሎች። ተረቱ መጀመሪያ በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ውስጥ በታተመ መጽሐፍ ሲሆን እረኛው ያኔ ስም እንኳ አልነበረውም። ፈረንጆቹ ግን ካልዲን ይፈልጋሉ። ፍየል ተከራየን፤ ልጅ አገኘን፤ ቀዩን ሸበጡን አስወለቅነው። ፍየሎቹ ጫካ ገብተው ከቡናው በስተቀር ያልበሉት ቅጠል የለም። (ካፋ ለቡና ስም ሰጠ የሚባለውም ያጨቃጭቃል፤ ቋንቋ አዋቂዎች «ቀህዋ» ከሚለው የዐረብ ቃል ነው የመጣው ይላሉ። ቦንጋ ውስጥ ይህን ጮክ ብሎ መናገር ግን አይመከርም።) በዚያ ሁሉ እየሳቅኩ ነበር። በአራተኛው ቀን ማንጃ ቤት ስንሄድ ነው የተከፋሁት።

ማንጃ ከካፊቾ ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ አንድ ጫካ የሚጋራ፣ አንድ ማዕድ ግን የማይቀርብ ሕዝብ ነው። በካፋ ነገሥታት ዘመን የመንግሥቱን በሮች ይጠብቁ እንደነበር ይነገራል። የዱር አውሬ አድነው ይበላሉ ተብሎ «ርኩስ» ተባሉ። ከሰልና ማገዶ ተሸክመው ቦንጋ ገበያ ይመጣሉ፤ እንገዛቸዋለን፤ ቤት ገብተው ግን አይቀመጡም። ልጅ ሆኜ ማንጃ ውሃ ሲጠይቅ ለብቻው በተቀመጠ ቅል ሲሰጠው አይቻለሁ፤ ቅሉን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ጋብቻማ አይታሰብም። ዛሬ ነገሩ ላልቷል፤ ትምህርት ቤት አብረን እንቀመጣለን። ላልቷል እንጂ አልጠፋም።

እስካሁን «ሰውየው አለ፣ ሰውየው ገባ» እያልኩ ስጽፍ ልብ ብላችሁ ይሆናል። ሰውየው የአባቴ እኩያ ናቸው። ለአባቴ «አሉ» ብዬ ጽፌ ለሳቸው «አለ» ያልኩት ሆን ብዬ አልነበረም፤ መጀመሪያ ስጽፈው እንዲሁ መጣልኝ፤ ደግሜ ሳነበው ነው ያየሁት። እንዳለ ተውኩት፤ ከዚህ ወዲያ ግን አይሆንም።

የመብራቷን ውሸት ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ አለ። መብራቷ ከወረደች በኋላ ፈረንጆቹ ስለ ጫካው ጠየቋቸው። አራት ደቂቃ ያህል ተናገሩ። «ጫካውን የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ ይሉናል» አሉ። «ከሰላችንን የሚገዛው ማነው? ቡናቸው በምን ይፈላል? በከሰላችን አፍልተው ይጠጣሉ፤ ስኒያቸውን ግን አይሰጡንም።» መሬት ሲከፋፈል ለነሱ ምን እንደደረሳቸው ተናገሩ፤ የልጅ ልጃቸውን ክፍል ውስጥ ምን ብለው እንደሚጠሩት ተናገሩ። እያዩ የነበሩት ዳይሬክተሩን አይደለም። እኔን ነው። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሮ ምን አሉ አለኝ።

«ጫካው ለሕዝባችን ሕይወት ነው ይላል» አልኩት።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ፈረንጁ መብራት አስወረደ፤ ስለዚያ ብዙ ጊዜ ተናድጄ አውርቻለሁ፤ ስለ ምዕራባውያን ካሜራ ረጅም ረጅም ፖስት ጽፌያለሁ። መምህሬ «ግን እነሱ …» ብሎ ያልጨረሳትን ዓረፍተ ነገር እኔ ጨርሻት እንደነበር ግን አልጻፍኩም። እነሱ እኛ አይደሉም። ስለዚህ ቢናገሩም አይተረጎምም።

ባለፈው ጥር ፊልሙን በስልኬ ይዤ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አየነው። እሳቸው የሚታዩት ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ድምፃቸው ከሥር በስሱ ይሰማል፤ ከላይ የተራኪው እንግሊዝኛ ተጭኖበታል።

«ምን እያልኩ ነው?» አሉኝ።

ተራኪው የሚለውን ነገርኳቸው። ጫካው ለሕዝቡ ሕይወት ነው ነበር የሚለው፤ የእኔው ቃል፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ።

«እንደሱ አላልኩም።»

«አላሉም» አልኳቸው። ያደረግኩትን ነገርኳቸው። የመብራቷንም ነገርኳቸው።

«ብርሃኗ እንደማታስቸግርማ አውቄ ነበር» አሉ። «ቀን ነው'ኮ።»

«ታዲያ ለምን አወረዷት?»

«አንተ ነሃ ያልከው።»

ከዚያ ተነሥተው ገቡ። ቡና ሊያፈሉ መስሎኝ ብጠጣ አባቴ ምን ይሉ ይሆን ብዬ አስቤያለሁ፤ ይህንንም አልደብቅም። የወጡት ግን መብራቷን ይዘው ነው። ከክረምት ጀምሮ አልበራም ብላለች፤ ቦንጋ የሚጠግን ሰው ታውቃለህ ወይ አሉኝ። ይዣት መጣሁ። ገበያው አጠገብ ያለው ጠጋኝ ከፍቶ አያት፤ ባትሪዋ ነው፣ ከጅማ ይምጣልህ አለኝ። እየጠበቅኩ ነው።